የባለ ወፍጮው ልጅ ስሟ ማን ነበር?

የጀርመኖቹ ወንድማማቾች ያዕቆብና ቪልሄልም ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ውስጥ ስሙ ለአፍ የሚያስቸግር አንድ ድንክ አለ፤ ሩምፕልሽቲልትስሽን ይባላል። አንድ ባለ ወፍጮ «ልጄ ገለባ ፈትላ ወርቅ ታደርጋለች» ብሎ ለንጉሡ ይዋሻል። ንጉሡም ገለባ የሞላበት ክፍል ውስጥ ይዘጋባታል። ድንኩ መጥቶ ይፈትልላታል፤ መጀመሪያ በአንገት ሐብሏ፣ ቀጥሎ በቀለበቷ፣ የምትሰጠው ስታጣ ደግሞ ወደፊት በምትወልደው በኩር ልጇ። ነግሣ ከወለደች በኋላ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ታለቅሳለች። እሱም ሦስት ቀን ይሰጣታል፤ በሦስት ቀን ስሙን ካወቀች ልጁ ይቀርላታል። ስሙ በአጋጣሚ ይሰማል፤ ስትጠራው ኃይሉ ያልቃል። በመጀመሪያው እትም ተናዶ ሮጦ ይሄዳል፣ ዳግመኛም አይመለስም።

ስሙን ያወቀ ባለቤቱን ይይዛል የሚለው እምነት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ደብተሮች በብራና የሚጽፉትን ክታብ እናቶቻችን በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበር። አራስና ሕፃን ታጠቃለች የምትባለውን ወርዘልያን የሚያሸንፈው የሱስንዮስ ጸሎት ከስውር አስማት ጋር ይጻፍበታል፤ ብራናው በባለቤቷ ቁመት ልክ የሚቆረጥበትም ጊዜ አለ። በመሐል ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ እየተባለ የክርስትና ስሟ ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሲቱ ስም ይተካል። የክርስትና ስምን ለማንም አለመናገር፣ መተተኛ እንዳያገኘው በሚል፣ ከዚሁ የመጣ ነው።

ወደ ተረቱ እንመለስና፣ እኛን ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። የድንኩን ስም ለማወቅ ያ ሁሉ ጭንቀት ሲሆን፣ የጨነቃት ሴት ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለም። መጀመሪያ የባለ ወፍጮው ልጅ ናት፣ ኋላ ንግሥቲቱ። የአባቷን ውሸት የከፈለችው እሷ፣ ልጇን ያዳነችው እሷ፤ ስም ግን የተሰጠው ለድንኩ ነው።

ተረቶቹን የነገሩት ሴቶችም ዕጣቸው ከዚህ ብዙም አልራቀም። በካሰል ከተማ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ የነበረችው ዶርትሼን ቪልት ለወንድማማቾቹ ብዙ ተረት ነግራለች፤ በ1825 ቪልሄልምን አግብታለች። በመጽሐፉ ማስታወሻ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ተረቱ የመጣበት አውራጃ ነው እንጂ የነጋሪዋ ስም አይደለም። በ1815 በወጣው ሁለተኛ ቅጽ መቅድም ላይ በስሟ የተመሰገነችው ዶሮቴያ ፊማን ናት፤ ከሌሎቹ ተለይታ ዕድለኛ ነበረች።

በዚያው አገር በ1900 የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለች ይል ነበር። ባልና ሚስት ከሁለቱ አንዱን ስም እንዲመርጡ የተፈቀደው በ1976 ነው፤ ካልተስማሙ ግን የባል ስም ያሸንፍ ነበር። ይህንንም የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት የሻረው በ1991 ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን በሕይወት ሳለን ማለት ነው።

እኛ በዚህ ረገድ እንሻላለን ብለን እንኮራለን፤ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትተውም። እውነት ነው። ግን አማት ለሙሽራ አዲስ ስም የምታወጣባቸው አካባቢዎች አሉ፤ በየዕድሩ መዝገብ ላይም የሚነበበው ብዙውን ጊዜ የባል ስም ነው። በማኅበራችን መዝገብ እያንዳንዷ በራሷና በአባቷ ስም ትጻፍ ያልነው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናት ስሟን ስንጠይቃት የበኩር ልጇን ስም ጠርታ «የእሱ እናት በሉኝ» አለችን። የራስሽን አልናት። ሳቀች፤ ቀጥሎ ቀስ አድርጋ ነገረችን፤ የአባቷንም ጨምራ፣ ፊደሉ በትክክል እስኪጻፍ ድረስ ከጸሐፊዋ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።