የሠረገላው ዜማና ገበያው

በንግድ ማስታወቂያና በፊልም የፓሪስ ቡና ቤት ምልክት ሆኖ የሚቀርበው የጂፕሲ ጃዝ መነሻው የተገፉ ዘላኖች ሠረገላ ነው።

ከሮማኒ ሕዝብ ወገን የሆነው ጃንጎ ራይንሃርት፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ሠረገላው ተቃጥሎ ሁለት የግራ እጁ ጣቶች ቢሰናከሉም፣ አዲስ የጊታር አመታት ስልት ፈጠረ። በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር ፓሪስ ውስጥ የመሠረተው ባንድ ያለ ከበሮ፣ በክር መሣሪያዎች ብቻ ጃዝን ተጫወተ። ብዙም ሳይቆይ ናዚዎች ወገኖቹን በጅምላ ፈጁ።

ጃንጎ በ1953 ቢሞትም ዜማው ገበያ ወጣ። የሁለቱ ድርሰት የሆነው «ማይነር ስዊንግ» በ1999 «ዘ ማትሪክስ»፣ በ2000 ደግሞ «ሾኮላ» በተባሉት ፊልሞች ተሰማ። ነጋዴው የዜማውን ፈገግታ ወስዶ እሳቱንና ስደቱን ተወ።

በ2010፣ ጃንጎ በተወለደ በ100ኛው ዓመት፣ የፈረንሳይ መንግሥት የሮማኒ ሰፈሮችን አፍርሶ ብዙ ነዋሪዎችን ወደ ሩማንያና ቡልጋሪያ መለሰ። ዜማው በየሳሎኑ ሲስተናገድ ባለዜማው ከደጅ ቀረ።