ከሁለቱ የቀረው፤ የሃምስተር አያያዝ ታሪክ

በአንድ የሽቦ ቤት አብረው ሲኖሩ ከነበሩ ሁለት ሃምስተሮች አንዱ ሞቶ አንዱ ሲቀር፣ የቤቱ ሰዎች፣ ይልቁንም ልጆቹ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህ ብቻውን የቀረው ፍጥረት ያዝን እንደ ሆነ፣ ቢያዝንም ሌላ ጓደኛ ሊፈለግለት ይገባ እንደ ሆነ ነው። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ነውና የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ ዳሩ ግን ሰው የራሱን ኀዘን መስፈሪያ አድርጎ ለእንስሳ በቸኮለ ጊዜ፣ ሊያጽናናው ያሰበውን ፍጥረት ለሞት አሳልፎ የሰጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህች አይጥ መሰል፣ ጉንጨ ሰፊ እንስሳ ከእርሻ ጉድጓዷ ወጥታ ወደ ሰው ቤት የገባችበትን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን መልሱን ከዚያው ያገኘዋል፤ የታሪኩ መነሻ ራሱ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተፈጸመ ሞት ነውና። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በሶርያ ምድር በሐለብ ከተማ፣ ፈረንጆች አሌፖ በሚሏት፣ በሕክምና ሥራ ተቀምጦ የነበረው እስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ራስል የዚያችን አገር የተፈጥሮ ታሪክ ጽፎ በ1756 አሳትሞ ነበር፤ ወንድሙ ፓትሪክ አስፍቶና አርሞ በ1794 ባወጣው ሁለተኛ እትም ውስጥም ሃምስተር ተጠቅሳ እናገኛታለን። የጉንጯ ከረጢት በተከፈተ ጊዜ በውስጡ ለጋ የፎሶሊያ ፍሬ ተጠቅጥቆ እንደ ተገኘ፣ በጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍም ክምሩ ከሰውነቷ ሦስት እጥፍ እንደ ሆነ ይተርካል። በ1839 ጆርጅ ዋተርሃውስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከዚያው ከሐለብ የመጣ አንድ ቆዳ መርምሮ የሳይንስ ስም አወጣላት። በ1880 ደግሞ በሐለብ ቆንስል የነበረው ጀምስ ስኪን ጥቂቶቹን ወደ ኤዲንብራ ወስዶ ነበር፤ እነርሱም ሠላሳ ዓመት ያህል ተዋልደው በ1910 ገደማ ዘራቸው ጠፋ።

ዛሬ በየአገሩ በሰው ቤት የሚኖረው የወርቃማ ሃምስተር ዘር ግን ከዚያ የመጣ አይደለም። በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የጥገኛ ሕዋሳትን ጠባይ ይመረምር የነበረው ሳውል አድለር፣ የካላዛርን ደዌ ለማጥናት ከቻይና የሚመጡ ሃምስተሮችን ይጠቀም ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ በቤት ውስጥ አንዋለድ ስላሉትና በየጊዜው ከሩቅ ማስመጣቱ ስላደከመው፣ በቅርብ አገር የምትገኝ ዘመዳቸውን እንዲፈልግለት የእንስሳት ሊቅ የሆነውን እስራኤል አሃሮኒን ለመነው። ካላዛር በእኛም አገር በመተማና በሁመራ ቆላ ለመከርና ለአረም የሚወርደውን ሠራተኛ ሲፈጅ የኖረ ደዌ ነው፤ በደጋው ሰው ፊት ላይ እየወጣ ጠባሳ የሚተወው ቁንጭርም የዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ ሩቅ የሚመስለው የእነዚህ ሁለት ሰዎች ድካም ለእኛም ባዕድ አይደለም።

አሃሮኒ በ1930 በሚያዝያ ወር ሐለብ ደርሶ፣ አገሩን በሚያውቅ መሪና በአካባቢው ሼክ ረዳትነት አንድ የስንዴ እርሻ አስቆፈረ። ሠራተኞቹ ብዙ ስንዴ ካበላሹና ከሁለት ሜትር በላይ ከወረዱ በኋላ አንዲት እመጫት ከ11 ልጆቿ ጋራ በጎጆዋ ተኝታ ተገኘች። እናቲቱንና ልጆቿን በአንድ ሣጥን ባደረጓቸው ጊዜ፣ በእናትነቷ ታቅፋ ታሞቃቸዋለች ብለው ሲጠብቁ፣ አስቀድሞ ወደ እርሷ የቀረበውን ልጅ ይዛ ራሱን ነክሳ ገደለችው። የቀሩትንም እንዳትፈጅ ፈርተው እናቲቱን ለይተው በመርዝ አጠፏት፤ ዓይናቸው ያልተገለጠውን ዕጓላት አሃሮኒና ሚስቱ በእጃቸው አሳደጓቸው።

ከዚያም ልጆቹ በኢየሩሳሌም በስኮፐስ ተራራ ላይ ለሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ማኖሪያ ኃላፊ ለነበረው ለሃይም ቤን መናኸም ተሰጡ። እዚያም ፈተናው አላበቃም፤ ከፊሎቹ የማደሪያቸውን የእንጨት ወለል በሌሊት ቦርቡረው አምልጠው ጠፉ፤ ከቀሩትም መካከል አንዱ ወንድ አንዲቱን ሴት ገደላት። በእጅ የቀሩት እጅግ ጥቂት በነበሩበት በዚያ ሰዓት፣ ቤን መናኸም እንስሶቹን እንደ ገና በአንድ ክፍል አጉሮ ዕድሉን ከመጠበቅ ይልቅ፣ የሽቦውን ቤት አጥብቆ በተጠቀጠቀ ድርቆሽ ሞልቶ አስቀድሞ ሴቲቱን ብቻዋን አስገባት። እርሷም በድርቆሹ ውስጥ መንገዷን ቦርቡራ ቤቷን ካበጀች በኋላ ወንዱን ለቀቀባት፤ በዋሻው ውስጥ ተሯርጠው ተያዩ፤ ተገናኙም። ሴቲቱ የምትሸሽበት ጉድጓድና የምትሰወርበት ጨለማ ስለ ነበራት ደም ሳይፈስ ቀረ። ሃምስተር በ16 ቀን ትወልዳለችና ዓመት ሳይሞላ 150 ያህል ሆኑ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እጅግ የማደንቀው ይህን የድርቆሽ ብልኃት ነው፤ ሰውዬው ለእንስሳይቱ ሰው የሚወደውን ሳይሆን ጉድጓዷ የሰጣትን መልሶ ሰጥቷታልና።

የዚህን ምክንያት ያስረዳው መረጃ ዘግይቶ መጣ። በ1999 ከጀርመን ከሃሌ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሐለብ የሄዱ ተመራማሪዎች በእርሻው ውስጥ 30 ያህል ጉድጓዶች ፈትሸው፣ ከአንድ በላይ ጎልማሳ ሃምስተር የተቀመጠበት አንድም ጉድጓድ አላገኙም። ወርቃማዋ ሃምስተር በባሕርይዋ ባሕታዊት ናት፤ ለመራባት ካልሆነ በቀር ባልንጀራ አትሻም፤ እመጫትም ብትሆን ልጆቿ ጡት ከጣሉ በኋላ በቤቷ አታስቀምጣቸውም። ስለዚህ ሁለት ወርቃማ ሃምስተሮች በጠባብ ቤት ኖረው አንዱ የሞተ እንደ ሆነ፣ ከሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ የተሰወረ ጠብ እንደ ነበረ መጠርጠር ይገባል፤ የቀረውም ከሥጋት ያረፈ ሊሆን ይችላልና ሌላ ማምጣት ሁለተኛ ሞት መጥራት ነው።

በ1931 አድለር ጥቂቶቹን በካፖርቱ ኪስ ይዞ እንግሊዝ አገር አደረሰ፤ በ1938 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ከምርመራ ቤት ወጥተው የልጆች መጫወቻ ሆኑ። ነጋዴው ጥንድ ጥንድ አድርጎ መሸጡ፣ ገዢውም ብቻውን እንዳይከፋው ማለቱ፣ በየቤቱ ስንት የተነከሰ ሬሳ አስገኝቶ ይሆን!

ሁሉም ወገን ግን እንዲህ አይደለም። በሞንጎልያና በሳይቤርያ ሣር ሜዳ የሚኖሩት ድንክ ሃምስተሮች፣ ይልቁንም ካምቤል የሚባሉት፣ በጥንድ መኖርን ይለምዳሉ፤ ከእነርሱ ወንዱ ሴቲቱ ስትወልድ አጠገቧ ሆኖ ልጆቹን ተቀብሎ እስከ መላስ ይደርሳል። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተጣምረው የኖሩትን ድንክ ሃምስተሮች ለያይተው ባዩ ጊዜ፣ የተለየው ወንድ ክብደት እንደ ጨመረ፣ አዲስ ነገር ለመመርመርም እንደ ቀድሞው እንዳልተጋ ጽፈዋል። ይህን ኀዘን እንበለው ዘንድ ይገባልን? በግእዝ ከጥንት የተተረጎመው ፊሳልጎስ ጓደኛዋን በሞት አጥታ ሌላ ስለማትሻ ወፍ ይናገራል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ደግሞ የእንስሳ ሕይወት ደመ ነፍስ እንጂ ነባቢት ነፍስ እንዳልሆነች ያስተምራሉ። እኔ ሁለቱ ይጣላሉ ብዬ አላምንም፤ ነባቢት ነፍስ የሌለው ፍጥረት ጓደኛውን በቃል ባያለቅስም፣ በጎኑ ይሞቀው የነበረው ሰውነት፣ በጉዝጓዙም ያሸተው የነበረው ሽታ ሲጎድልበት አካሉ ያውቀዋል። የሚረዳውም ሰው ሊያስብለት የሚገባው ይህንኑ የአካል ጉድለት ነው።

ስለዚህ በልምድ የጸናው አያያዝ ከቀረው እንስሳ ቤት ምንም አለመንቀል ነው። ሰዎች ከሞት በኋላ ቤቱን ሁሉ ጠርገው፣ ጉዝጓዙን ጥለው፣ ዕቃውን አጥበው አዲስ ማድረግን ንጽሕና ብለው ይወዱታል፤ ነገር ግን ሃምስተር በዓይኑ ደካማ፣ በአፍንጫው ብርቱ ነውና፣ ከጎኑ ዕጢ በሚወጣው ሽታ ርስቱን አትሞ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ሽታው በአንድ ቀን የጠፋበት እንደ ሆነ ጓደኛውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ያጣል። የሞተው በተላላፊ ደዌ፣ ለምሳሌ ጅራት በሚያረጥበው ብርቱ ተቅማጥ ከሆነ ግን ማጠቡ ግድ ነው፤ የቀረውንም ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚህ በቀር ጎጆውና መንኮራኩሩ በስፍራቸው ይቆዩ፤ ምግቡ በለመደው ሰዓት፣ በመሸ ጊዜ ይሰጠው፤ ጉዝጓዙ በጥቂት በጥቂቱ ይለወጥ። ያከማቸው እህል እንደ በላው ይመስላልና የሳሕኑን ባዶነት አይቶ በላ ማለት አይበቃም፤ በየጊዜው በሚዛን መመዘን የታመነ ነው፤ ለጥቂት ቀን መንቀሳቀሱን ቢቀንስ አያስደነግጥም፤ እየከሳ ከሄደ ግን ናፍቆት ነው እንጂ ደዌ አይደለም ብሎ መተው አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ መረጋገጥ ያለበት ነገርም አለ። ክፍሉ እጅግ በቀዘቀዘ ጊዜ ሃምስተር እንደ ክረምት አገር አራዊት ሰውነቱ በርዶ፣ ትንፋሹ ተቆጥሮ የማይሰማ እስኪሆን ድረስ ያንቀላፋል፤ ስለዚህ ሞተ የተባለው በእጅ ሙቀት ቀስ ተብሎ ሳይሞከር እንዳይቀበር፣ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ሁልጊዜ ያስጠነቅቃሉ።

ለድንኩ ሃምስተር ሌላ ጓደኛ ማምጣትን በተመለከተ የአርቢዎቹ ቃል አንድ አይደለም። የእኔ አስተያየት ወደ እምቢታው ያደላል፤ አብረው ያደጉ ወንድማማቾች እንኳ ጎልምሰው የሚጣሉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት እምብዛም ስለማያልፍም፣ የቀረው ብዙውን ጊዜ ሽማግሌ፣ የሚመጣው ደግሞ ጎረምሳ ይሆናል። ይህን ሁሉ አውቆ ማገናኘት የወደደ ሰው ግን ቤን መናኸም እንዳደረገው መሸሻ ያብጅ፤ ለሁለቱም አዲስ በሆነ ሰፊ ስፍራ፣ ሁለት ጎጆ፣ ሁለት የምግብ ሳሕን፣ ሁለት የውኃ መጠጫ አኑሮ፣ አስቀድሞ በሽቦ ለይቶ ሽታቸውን አለማምዶ፣ ሌላ ባዶ ቤትም ለመለያያ አዘጋጅቶ ይጀምር።