ነጠላውና ፊቱ፤ ስለ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ካሜራ

አታት ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ የአጎቴ ልጅ በትንሽ ካሜራ ያነሳው ነው። አያቴ ጀፎረው ዳር ቆማለች፤ ከኋላዋ ሰማዩ ነው። ነጠላዋ አንድ በአንድ ይታያል፤ ጥለቱን መቁጠር ይቻላል። ፊቷ ግን የለም፤ ጥቁር ነገር ብቻ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣላት አገላብጣ አየችውና «ነጠላዬን ነው እንዴ ያነሳኸው፣ ልጄ?» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። ዛሬ እሷ የለችም፤ ሌላ ፎቶም አልነበራትም። የቀረን ነጠላዋ ነው።

ነገሩ የካሜራው ብልሽት አይደለም። የብርሃን መለኪያ ማሰብ አያውቅም፤ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ነጠላና ብሩህ ሰማይ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ የሌንሱን ቀዳዳ ያጠባል። ጠይም ፊት እዚያው ይሰምጣል። ካሜራ የያዘው ሰው መለኪያውን አልሰማም ብሎ ቀዳዳውን ካልከፈተው በስተቀር ነጠላው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ሁለቱን እኩል ማዳን ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ አንዱን መምረጥ ነው።

ይህን ጉዳይ ያስነሳብኝ በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር ያየነው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ስለ ፊልም ስናወራ የምናነሳው ተዋናዩን ወይም ዳይሬክተሩን ነው፤ ካሜራ የተሸከመውን ሰው ስም የሚጠይቅ የለም። የዚህ ፊልም ካሜራ ሰው ኤልየት ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ኋላ በሆሊውድ ትልልቅ ሥራዎች ላይ ስሙ የታወቀ። ያኔ ግን ገና ጀማሪ ነበር። ኃይሌም ራሱ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበር፤ እንደኛ ተማሪ ማለት ነው። በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ በትምህርት ዕረፍት፣ አገር ቤት መጥተው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ቀረጹት። ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎች ተወኑበት። ፊልሙ በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተነሳ ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ከዚያ በፊት አገራችን ፊልም አልሠራችም ማለት አይደለም። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. በ35 ሚሊሜትር ተሠርቶ ነበር፤ ዳይሬክተሩም ላምብሮስ ዮካሪስ የተባለ ግሪክ ነው። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ከወጣ ወደ አሥር ዓመት ይጠጋው ነበር። እንግዲህ እነ ኃይሌ ካሜራቸውን የተከሉት ባላባቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጭሰኛውን በሚያዝዝበት የመጨረሻው ክረምት ላይ ነው። ጥቂት ወራት ቢዘገዩ ኖሮ ያንን ዓለም እንደ ትዝታ ማስመሰል ይኖርባቸው ነበር። ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ መሬቱን የተነጠቀው፣ እብድ የሚሉት ከበበም፣ የባላባቱን ላም ከጎርፍ ላድን ብላ የምትሞተው ልጅም ፈጠራ ናቸው። እርሻው፣ ጭቃው፣ የበሬው አካሄድ ግን ፈጠራ አይደለም። የታሪክ ተማሪ ሁሉ ሊያየው ይገባል የምለው ለዚህ ነው፤ በመዝገብ ቤት ያለ የግብር ደብተር የሰውየው ወገብ እንዴት እንደሚጎብጥ አይነግረንምና።

አንድ ባለ 400 ጫማ ጥቅልል 16 ሚሊሜትር ፊልም የሚያነሳው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ገንዘብ የሌለው ተማሪ እያንዳንዷን ደቂቃ እንደ ሳንቲም ይቆጥራል። እነዚህ ሰዎች ግን ያቺን ውድ ደቂቃ የሚያወጡት ሰው ሲያርስ፣ ዳገት ሲወጣ፣ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ነው። ካሜራው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ቆሞ ያያል፤ አይቸኩልም። መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። አንዱ ጓደኛችን ተኝቶ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ድካሙ ወደ ተመልካቹ ይጋባል፤ ለካ ርዝመቱ ራሱ ነገር ነበረው።

ፊልሙ ሲያልቅ ክርክር ተነሳ። «የኛን ፊት በትክክል የሚያነሳው የኛ ሰው ብቻ ነው» ያሉ ነበሩ። ቁጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የቀለም ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልከው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ካርዱን ሸርሊ ይሉታል። ኩባንያው ቡናማን ለይቶ የሚያሳይ ፊልም ወደ መሥራት እንዲሄድ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ እንደነበር የቀድሞ ሠራተኞቹ ተናግረዋል። ቸኮሌቱ ሲጮህ ተሰማ፤ የእኛ ፊት ግን ሲጮህ ኖሯል።

ቢሆንም ክርክሩ አልተዋጠልኝም። የአጎቴ ልጅ የአታት ልጅ ነው፤ አያቴ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። እሱ ነው ፊቷን ያጠፋው። አሜሪካዊው ዴቪስ ደግሞ የማያውቃቸውን ገበሬዎች ፊት አተረፈ። ልዩነቱ የት መወለድ አይደለም፤ ምን እንደሚታይ መወሰን ነው። ለዴቪስ ያንን የወሰነለት ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ መሆኑን ግን አልረሳውም። ለአጎቴ ልጅ የወሰነለት መለኪያው ነው።

ፊልሙ በ2006 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር በቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት ታድሷል። እዚህ አገር ቤት ቢቀመጥ ኖሮ በዚያ ጥራት እናየው ነበር ወይ? ይህን የምጠይቀው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን የራሳችንን ቤት ግድግዳ እያየሁ ነው።

ባለፈው መስቀል አገር ቤት ስገባ እናቴ ጎጆው ውስጥ ምሰሶውን ተደግፋ ቆጮ ስትከትፍ አገኘኋት። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ጢሱም አለ፤ በሩ ከኋላዋ ቦግ ብሏል። ስልኬን አወጣሁ። መጀመሪያ በሩ ብቻ ወጣ፤ እሷ ጥላ ሆነች። የስልኩን መስታወት ፊቷ ላይ በጣቴ ነካሁትና ብርሃኑ እስኪስተካከል ጠበቅሁ። በሩ ተቃጥሎ ባዶ ነጭ ሆነ። የእናቴ ፊት ግን ወጣ፤ ቅንድቧ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ እንኳ ሳትቀር።