እብጠቱና ቋጠሮው

ከልብ በኃይል የሚወጣው ደም በአንጎል ውስጥ ወደ ደም መላሽ ሥሮች ከመድረሱ በፊት ከጸጉር በቀጠኑ ሥሮች መረብ አልፎ ግፊቱን ይቀንሳል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ይህ መረብ በአንድ ስፍራ ሳይፈጠር ይቀርና ወሳጁ ሥር ከመላሹ ጋር በቀጥታ ይጋጠማል። ለአነስተኛ ግፊት የተሠራ ቧንቧ ከዋናው መስመር ጋር እንደ ተቀጠለ ሁሉ፣ የተወሳሰበው የሥሮች ቋጠሮ ሊፈነዳ ይችላል።

ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 የአንጎልን ደም ሥሮች በራጅ ማየት የሚቻልበትን ዘዴ አስገኙ፤ ቋጠሮውም ራስ ቅል ሳይከፈት ለመታየት በቃ። በ1961 የሚኒሶታ ሐኪሞች ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ በአንጎል ዕጢ ዙሪያ የሚከሰተውን እብጠት እንደሚቀንስ አስታወቁ። በ1972 ደግሞ የስቶክሆልም ሐኪሞች ቋጠሮውን በጋማ ጨረር መዝጋት እንደሚቻል በጽሑፍ ገለጡ። ጨረሩ ራሱ ከወራት በኋላ እብጠት ሲያስከትል ስቴሮይድ ይረዳል።

ይሁን እንጂ ስቴሮይድ እብጠቱን ያበርዳል እንጂ የተሳሳተውን መጋጠሚያ አያርምም። እብጠት ሁሉም አንድ አይደለም። በራሳቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን 10,008 ሰዎች ያካተተውና በ2004 የታተመው ጥናት፣ ሌላ ስቴሮይድ ከተሰጣቸው ወገን የሞቱት እንደሚበልጡ አሳይቷል። ስለሆነም ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት እብጠቱ ከምን እንደ መጣ መለየት ይገባዋል።