ቃል ሲጠፋ ያልጠፋ ዜማ

በ1745 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ኦሎፍ ዳሊን የተባለ ስዊድናዊ ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ አንድ አጭር ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። የጻፈውም ስለ አንድ የገበሬ ልጅ ነው። ይህ ሰው በድንገተኛ ሕመም ቀኝ ጐኑ ሽባ ሆነ፤ አንደበቱም ተዘጋ። ነገር ግን ከመታመሙ በፊት ያጠናቸውን መዝሙሮች ሌላ ሰው አብሮት ሲጀምርለት፣ ቃሉን አጥርቶ እንደ ጤነኛ ሰው ይዘምር ነበር።

በዚያን ዘመን ለዚህ ነገር በቂ ምክንያት የሚሰጥ አልተገኘም። አንጐል የአሳብ ማደሪያ መሆኑን ሊቃውንት ቢያውቁም፣ የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽኑ ማስረጃ አልነበራቸውም። ማስረጃው የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1861 ፖል ብሮካ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም፣ በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በቢሴትር ሆስፒታል ለሚጠይቁት ሁሉ «ታን» እያለ ብቻ ይመልስ የነበረ በሽተኛ አገኘ። ሰውዬው ሲሞት አንጐሉ ቢመረመር፣ የተጐዳው በግራ በኩል ያለው የፊተኛው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ንግግር በአብዛኛው ሰው ዘንድ የግራው አንጐል ሥራ መሆኑ እየታወቀ ሄደ።

ከዚሁ ግኝት ጋራ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። አንደበቱ የተዘጋበት ሰው አሳቡስ አብሮ ተዘግቶአልን? የብሮካ ዘመን ሰው የነበረው ታላቁ ሐኪም አርማን ትሩሶ፣ ቃል የጠፋበት ሰው ማስተዋሉም አብሮ ይጐድላል የሚል አስተያየት ነበረው። ይህ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚቀር ክርክር አይደለም፤ እንዲህ ያለው በሽተኛ ንብረቱን ያዝዝ ወይስ ሞግዚት ይሹምለት፣ ሥራውን ይቀጥል ወይስ ይተው የሚለው ፍርድ በዚሁ ላይ የሚመሠረት ነውና።

ለዚህ ጥያቄ እንደ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ እንደ ቪሳሪዮን ሼባሊን ያለ ግልጥ መልስ የሰጠ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሼባሊን በ1902 በኦምስክ ከተማ ተወለደ፤ ከ1942 እስከ 1948 የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ዲሬክተር ሆኖ ሠራ። በ1948 የሶቪየት ባለሥልጣኖች በሙዚቃ ደራስያን ላይ በተነሡ ጊዜ ከሹመቱ ተሻረ። በ1953 የአንጐሉ የደም ዝውውር ታውኮ ታመመ። ከዚህ ቢያገግምም በ1959 ያገኘው ሁለተኛው ሕመም እጅግ የከፋ ነበር። ቀኝ ጐኑ ሽባ ሆነ፤ ሰው የሚነግረውን ለመረዳት ተቸገረ፤ የራሱንም አሳብ በቃል መግለጥ ተሳነው። ሙዚቃ መድረሱን ግን አልተወም። በ1962 አምስተኛውን ሲምፎኒ ፈጸመ፤ ሾስታኮቪችም ሥራውን አደነቀ። ሼባሊን በ1963 ካረፈ በኋላ፣ አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለው የአንጐል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ የሕመሙን ታሪክ በ1965 አሳተመ።

በዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የስዊድኑ ሰው የዘመረው ከመታመሙ በፊት በልቡ የተቀረጸውን ነው፤ እርሱን ከልማድ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ሲምፎኒ ግን ከልማድ አይወጣም። ለብዙ መሣሪያዎች የሚሆነውን ድምፅ አስቀድሞ በአሳብ መስማት፣ የመጀመሪያውን ክፍል እያስታወሱ መጨረሻውን ማቀድ፣ የማይረባውን መጣል ያስፈልጋል። አሳቡን በቃል መግለጥ የተሳነው ሰው ይህን ሁሉ ከሠራ፣ የትሩሶ አስተያየት ለሁሉ በሽተኛ የሚሆን አለመሆኑ የተረጋገጠ ነው።

ይሁን እንጂ ንግግርን ለግራው ሙዚቃን ለቀኙ ሰጥቶ አንጐልን እንደ ርስት ለሁለት መክፈል ስሕተት ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል ከ1933 ገደማ ጀምሮ ያገኘው ሕመም የሼባሊን ተቃራኒ ነበር ለማለት ይቻላል። ድርሰቱን ሌላ ሰው ሲጫወት ይሰማል፤ ስሕተቱንም ለይቶ ያውቃል። ነገር ግን በውስጡ ያለውን ዜማ በኖታ ማስፈርና በፒያኖ መጫወት እየተሳነው ሄደ። በ1937 በወርኀ ዲሴምበር በራሱ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ።

ዛሬ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ድምፅ እንደ ቀንድ አውጣ ከተጠመዘዘው የውስጥ ጆሮ ተነሥቶ በነርቭ አማካይነት፣ በቀኝም በግራም ከጆሮ በላይ ወዳለው የአንጐል ክፍል ይደርሳል። ቀኙ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ፣ ግራው ፈጣኑን የድምፅ ለውጥ ለመለየት ይበልጥ ያደላሉ። ምቱን ለመከተል ደግሞ እጅና እግርን የሚያዝዙት ክፍሎች፣ ሰሚው ሳይንቀሳቀስ እንኳ፣ በሥራ ላይ ይሆናሉ። በካናዳ በሞንትሪያል በ2001ና በ2011 የታተሙ ምርመራዎች፣ ሰውነትን የሚነዝር ዜማ በመብል ደስ የሚሰኘውን የአንጐል ክፍል እንደሚቀሰቅስና ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አሳይተዋል።

በ1973 በአሜሪካ በቦስተን የነበሩ ሐኪሞች ይህን የዜማ ኀይል ለሕክምና አዋሉት። በሽተኛው አጭር ዓረፍተ ነገር ከፍና ዝቅ እያደረገ ያዜማል፤ በግራ እጁም ምቱን ይመታል፤ ከዚያም ዜማው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ወደ ተራ ንግግር ይመለሳል። ብዙዎች በዚህ ተረድተዋል። በ2011 በጀርመን የተደረገ ምርመራ ግን ዋናው ረዳት ዜማው ሳይሆን ምቱና የቃሉ አስቀድሞ መለመድ ነው የሚል ውጤት አቀረበ።

በቄስ ትምህርት ቤት ያደገ መምህር ይህን ክርክር በቅርብ ያውቀዋል። ሕፃኑ ዳዊትን በውርድ ንባብ እያዜመ ይደግማል፤ የአቋቋም ተማሪም ቃሉን፣ ዜማውንና የመቋሚያውን ምት አንድ ላይ ከየኔታ ይቀበላል። ሐኪሞቹንና መርማሪዎቹን ገና የሚያከራክራቸው፣ ከእነዚህ ከሦስቱ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ነው።