ቁርሳቸውን ለወሎ የተዉ ተማሪዎች

በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ዝናብ ቀርቶ ሰው በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ፣ መንግሥት ወሬው እንዳይሰማ አፍኖ ይዞት ነበር። ጋዜጣውም ሬዲዮውም የመንግሥት ስለሆነ የሚናገር አልነበረም። እርዳታ ፍለጋ ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ገበሬዎችን ፖሊስ ከከተማው ዳር መለሳቸው። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ነው የሚነገረው፤ አንዱ 40 ሺህ ይላል፣ ሌላው 200 ሺህ።

በዚያው ዓመት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተወሰኑ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ፎቶግራፎቹ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። ተማሪዎቹ አይተው ዝም አላሉም፤ የቁርሳቸው ወጪ ለተራበው ሕዝብ እንዲሆን ብለው ቁርሳቸውን ተዉ። አብዛኞቹ ከግቢው ምግብ ቤት የሚበሉ ነበሩና ከኪሳቸው አውጥተው የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የራሳቸው ነው ሊሉት የሚችሉት የቀረበላቸውን ምግብ ነበር።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ «ስንት ብር ሆነ?» የሚል ነው። ብዙ እንዳልሆነ መገመት አያስቸግርም። ሁለት ክፍለ ሀገር የተማሪ ቁርስ አያጠግበውም። ነገር ግን መንግሥት የለም ያለውን ረሃብ እነዚህ ልጆች አለ ብለው በየጠዋቱ ሆዳቸው ላይ መዘገቡት። ረሃብ የለም ከተባለ ቁርስ የሚተወው ለማን ነው?

የምግብ እጥረት ብቻ እንዳልነበረ ኋላ ላይ በጥናት ታይቷል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የዚያን ዘመን የደሴን ገበያ መርምሮ የእህሉ ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ ጽፏል። እንዲያውም ከወሎ የሚወጣ እህል ነበረ። ገበሬው ግን ሰብሉ ጠፍቶ፣ ከብቱ ረክሶበት፣ መግዣ አጥቶ ነው ያለቀው። የጅንካን ገበያ የሚያውቅ አባል ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። በድርቅ ጊዜ ፍየል ነድቶ የሚመጣ አርብቶ አደር ከቀድሞው ስንት ያነሰ እህል ይዞ እንደሚመለስ ሁላችንም አይተናል።

ለተጨቆነ ሰው ብሎ መጾም በኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ614 የፋርስ ጦር ኢየሩሳሌምን ይዞ ሕዝቡን ፈጀ፣ መስቀሉንም ማረከ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው፣ በግፍ የሚኖሩት ምእመናን የቢዛንታይኑን ንጉሥ ሕርቃልን አድነን ሲሉት፣ ነፍስ የገደለ ዕድሜውን ሙሉ ይጹም የሚለውን ሥርዓት ፈራ። እነሱም የዕድሜ ልኩን ጾም ተከፋፍለው አንድ አንድ ሳምንት ሊጾሙለት ቃል ገቡ። ሕርቃል ዘምቶ እ.ኤ.አ. በ630 መስቀሉን ወደ ኢየሩሳሌም መለሰ። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ዕዳ ብዙዎች ተካፍለው ከፈሉት፤ ከእድራችን ብዙም አይርቅም። የአስቴርም ጾም አለ። ሕዝቧ እንዲያልቅ አዋጅ በወጣበት ጊዜ እሷ በቤተ መንግሥት ተመችቷት ሳለ ከደንገጡሮቿ ጋር ሦስት ቀን ጾማ፣ ከዚያ ሳትጠራ ንጉሡ ፊት ቀረበች። ቤተ እስራኤላውያን ይህን ጾም ጠብቀው ኖረዋል። እኔ ከጾሙ ይበልጥ የምወደው ከጾሙ በኋላ የሄደችበትን ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ሒሳቡ ይለያል። በጾም ወራት የቅቤውና የወተቱ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ የሽሮው፣ የምስሩና የዘይቱ ይሞቃል። የቤቱ ወጪ አይቀንስም፣ የሴቷም ሥራ አይቀንስም። ስለዚህ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ነገር እንዲኖር አውቆ አንድ ነገር መተው ያስፈልጋል። በዚህ በኩል ሙስሊም እህቶቻችን ግልጽ ደንብ አላቸው። በረመዳን በዕድሜ ወይም በማይድን ሕመም ምክንያት መጾም ያልቻለ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ይመግባል፤ ከዒድ ሶላት በፊትም የፊጥር ዘካ በእህል ተሰፍሮ ይወጣል። ቀን በቀን፣ ስፍር በስፍር።

የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ያዩትን ዓለም ያየው ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ከንጉሡ ግብዣ ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። አሥር ዓመት ቆይቶ ደርግ ራሱ አብዮቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና ተርበው ነበር፤ እሱም በዓሉ እስኪያልፍ ነገሩን ደበቀ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በማኅበራችን ያላለቀ ጉዳይ ስላለ ነው። ከአባሎቻችን አንዷ በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሁለቱ ጄኔራሎች መካከል የተጀመረውን ጦርነት ሸሽተው በመተማና በኩርሙክ በኩል ለገቡ ሴቶች በሳምንት አንድ ምሳ እንድንተው ሐሳብ አቅርባለች። ሁለቱ ጄኔራሎች ከመጣላታቸው በፊት አብረው ሥልጣን የነጠቁ ናቸው፤ ሕዝቡን ግን ማንም አልጠየቀውም። አንድ እናታችን «የኦሞ ሰው በጎርፍና በድርቅ ሲቸገር ለሱዳን?» አሉ። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው መውሰዱን የሚያስታውስ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሌላዋ ደግሞ ጾም በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ነው፣ በደረሰኝ አይሠራም ብላለች።

ለሁለተኛዋ የምመልሰው አለኝ። ማን እንደጾመ አልጽፍም፤ የተተወውን ምሳ ዋጋ ግን እጽፋለሁ፤ አለዚያ ለጋሾቻችን በሚያነቡት ሪፖርት ላይ የት እንደደረሰ መናገር አልችልም። የመጀመሪያዋን እናታችንን ጥያቄ ግን እኔ አልመልሰውም፤ ጉባኤው ይወስን። ጉባኤው ከፈቀደ አንዱን ዓምድ ለሱዳን፣ አንዱን ለኦሞ ዳር አድርጌ እከፍታለሁ፤ እያንዳንዷ አባል ምሳዋ በየትኛው ዓምድ እንዲገባ ራሷ ትነግረኛለች።