ሕሊና እና ይሉኝታ

ሐኪም «በሽተኛው ሕሊናውን ስቷል» ሲል የሚያሳስበው የጭንቅላት ጉዳት ነው። ጎረቤት «ሰውዬው ሕሊናውን ሸጧል» ሲል ግን ነገሩ ጉቦ ነው። ስብሰባ ሊከፈት ሲል «ለአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት» ይባልና ሁሉም ብድግ ብሎ አንገቱን ይደፋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሕሊና ማለት ድምፅ ሳያሰሙ በውስጥ ማሰብ ነው። በ1966ቱ አብዮት ማግስት ደግሞ በየውይይት ክበቡ «የመደብ ንቃተ ሕሊና» ሲባል ከርሟል። አንድ ቃል ራስን ማወቅንም፣ ጥፋትን መለየትንም፣ ዝምታንም ተሸክሟል ማለት ነው።

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው «ቶተም እና ታቡ» ውስጥ፣ በአንዳንድ ቋንቋዎች ጥፋተኛነትን የሚነግረን ውስጣዊ ዳኛና ነቅቶ ማወቅ በስም እንኳ እንደማይለያዩ ጠቁሟል። አማርኛን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ምስክር ባገኘ ነበር።

ቃሉ የግእዝ ነው። ግሡ ሐለየ (ለ ይጠብቃል) አሰበ፣ አሰላሰለ፣ አወጣ አወረደ ማለት ነው። ትሕትናና ልዕልና በተቀረጹበት መልክ ቢሄድ ስሙ «ሕልይና» ይሆን ነበር፤ ነገር ግን «ይ» ሟሟችና «ሊ» ብቻ ቀረች። ጥዕየ ከሚለው ግሥ ጥዒና የወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ አማርኛ እሱን ደግሞ አሳጥሮ ጤና ብሎታል። በየማለዳው የምንጠያየቀው ጤናና ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳን ሕሊና በአንድ ቅርጽ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው።

አጻጻፉ ላይ ግን ጣጣ አለ። አንዱ ጋዜጣ «ህሊና»፣ ሌላው «ኅሊና»፣ ሦስተኛው «ሕሊና» ይላል። በአማርኛ አፍ ሦስቱም ሀ አንድ ስለሆኑ ጆሮ አይጎዳም፤ በግእዝ ግን ልዩነቱ የሥር ልዩነት ነው። በሐመሩ ሐ የተጻፈው ሐለየ አሰበ ሲሆን፣ በብዙኃኑ ኀ የተጻፈው ኀለየ ዘመረ፣ አዜመ ነው። ማኅሌትም መኃልየ መኃልይም ከዚህ ከሁለተኛው ወጡ። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865፣ ወልፍ ሌስላው በ1987 ባሳተሟቸው መዝገበ ቃላት ሁለቱን በየቦታቸው ለያይተው አስቀምጠዋቸዋል።  ስለዚህ «ኅሊና» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው አሳቢውን ዘማሪ አድርጎታል። በበኩሌ በዚህ ተናድጄ አላውቅም፤ የፊደል ስህተት አንዳንዴ ከሊቃውንት የበለጠ ፍሬያማ ነው።

ለዚህ ማስረጃ በላቲን ጽሑፍ ውስጥ አለ። የቤተ ክርስቲያን አባት ጄሮም በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው የሕዝቅኤል ትርጓሜ፣ ከአራቱ እንስሳ ንስሩን በቃየል ልብ ውስጥ እንኳ ባልጠፋው የሕሊና ፍንጣሪ መስሎታል። የግሪኩ ስም «ሲነይዴሲስ» መሆን ሲገባው ቅጂዎቹ ላይ «ሲንቴሬሲስ» የሚል ቃል ተገኘ፤ ብዙ ተመራማሪዎች የገልባጭ ስህተት ነው ይላሉ። የመካከለኛው ዘመን መምህራን ግን ሁለት ቃል ካለ ሁለት ነገር መኖር አለበት ብለው ለዘመናት ተከራከሩበት። በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ሲንቴሬሲስን የመልካም ሥራ መሠረታዊ መርሖችን የሚያውቅ በውስጣችን የተተከለ ዝንባሌ፣ ሕሊናን ደግሞ ያወቁትን በአንድ በተወሰነ ሥራ ላይ የማዋል ድርጊት አድርጎ አካፈላቸው። ሕሊና ድርጊት ነው የሚለው ይህ አሳብ ለግእዝ ጆሮ አዲስ አይደለም፤ ሐለየ ግሥ ነው፣ ሕሊናም ማሰቡ ራሱ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ይህ ግሥ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ንስሐ የሚገባ ሰው «በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር» ይላል፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት። ልብ ካላችሁ፣ እዚህ ላይ ሐልዮ ከተከሳሾቹ አንዱ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው። በአማርኛ ዳኛ የሆነው ሕሊና በግእዙ ከተጠርጣሪው ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው ማለት ነው። ቃሉ መጀመሪያ መልካምም ክፉም አልነበረም፤ አሳብ መልካምም ክፉም ሊሆን ስለሚችል።

ታዲያ እንዴት ዳኛ ሆነ? የኔ ግምት ሌላ ግሥ ሥራውን ስለወሰደበት ነው። ሐሰበ ቆጠረ፣ አሰላ ማለት ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የዘመን ቆጠራ ይህን ትርጉም ጠብቆ ይኖራል። አማርኛ ለዕለት ተዕለት ማሰቢያው ይህን ቆጣሪ መረጠ። ዛሬ እንጀራ ስንገዛም፣ ልጅ ስንድርም «አሰብኩ» እንላለን። ሐለየ ከግሥነት ወርዶ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ሥራ የፈታው ስምም ከፍ ላለው ጉዳይ ተሾመ። በዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ 18ኛ አንቀጽ፣ በኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት 27ኛ አንቀጽ፣ ማሰብና ሕሊና ጎን ለጎን ተቀምጠው ነፃነት ይሰጣቸዋል። ለግእዝ አዋቂ ያ ቆጣሪውና አሰላሳዩ ጎን ለጎን እንደ መቀመጣቸው ነው።

ጎረቤቶቻችን ሌላ መንገድ ሄደዋል። የዐረብኛው «ደሚር» ከመደበቅ ሥር የመጣ ነው፤ ሰዋስው ላይ ተውላጠ ስምም በዚሁ ቃል ይጠራል። የዕብራይስጡ «ማትስፑን» እንዲሁ ከስውር ነገር ነው። መጽሐፍ ቅዱሳዊው ዕብራይስጥ ግን የተለየ ስም አልነበረውም፤ ዳዊት የሳኦልን ልብስ ጫፍ ቆርጦ ሲጸጸት የሚመታው የራሱ ልብ ነው። ቁርኣን በ75ኛው ሱራ የሚጠራው ወቃሿን ነፍስ ነው፤ ነፍስ የሚለው ቃል ደግሞ የእኛም ስለሆነ ማስተርጎም አያስፈልገውም።

የግሪኩና የላቲኑ ቃል ግን ውስጡ ሌላ ሰው አለበት። በግሪኩ «ሲነይዴሲስ» መነሻ ያለው «ሲን» እና በላቲኑ «ኮንስኪየንቲያ» መነሻ ያለው «ኮን» አብሮ ማለት ናቸው፤ ቃሉ በጥሬው «አብሮ ማወቅ» ነው። መጀመሪያ የሚነገረው የሌላውን ጉዳይ ስለሚያውቅ ሰው፣ ማለትም ስለ ምስክር ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ ሕሊናን ሲያነሳ ወዲያው ችሎት የሚዘረጋው፣ መስካሪውን፣ ከሳሹንና ተሟጋቹን የሚያቆመው ለዚህ ይመስለኛል። በሐለየ ውስጥ ግን ይህ «አብሮ» የለም። አሳቢው ብቻውን ነው።

አማርኛ ሁለተኛውን ሰው ያስቀመጠው ሌላ ቤት ነው፤ ይሉኝታ ውስጥ። ይህ ስም «ይሉኛል» ከሚል ሙሉ ግሥ የተሠራ ነው፤ ባለቤቱ «እነሱ»፣ ተሳቢው «እኔ»። ለቅሶ ቤት ሳይሄድ ቀርቶ «ምን ይሉኛል» ብሎ የሚጨነቅ ሰው፣ ጠግባ ሳለች «ብይ እንጂ፣ በሞቴ» ስትባል የምታላምጥ እንግዳ፣ የያዛቸው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ቢስ የምንለው ሰው ዐይን እያየው የሚያፍር ፊት የሌለውን ነው፤ ሕሊና ቢስ የምንለው ግን ማንም በሌለበት ሚዛን የሚያጎድለውን ነጋዴ ጭምር ነው።

ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1923 «እኔነቱና እሱነቱ» በተባለው መጽሐፉ የገለጸው የበላይ እኔነት የወላጆች ትእዛዝና ቁጣ ወደ ልጁ ውስጥ ገብቶ የሚፈጥረው ገዥ ነው። እሱን በአማርኛ «ሕሊና» ማለት ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ቢሰጠኝ «ውስጥ የገባ ይሉኝታ» እለው ነበር። እነሱ አሁንም አሉ፤ የተነሡት ከደጅ ወደ ሳሎን ብቻ ነው። ከሥነ ልቦና ሊቃውንት ለሐለየ የሚቀርበው ሎረንስ ኮልበርግ ነው፤ እሱ የሥነ ምግባር ዕድገትን በፍርድ አሰጣጥ ደረጃዎች ለካ። ጆናታን ሃይት እ.ኤ.አ. በ2001 ተነሥቶ ስሜት ይፈርዳል፣ አሳብ ኋላ መጥቶ ጠበቃ ይሆናል ሲል ሐለየን ከዳኝነት ወንበር አውርዶታል። ሃይት ልክ ከሆነ የአማርኛው ቃል የተሰየመው ዘግይቶ በሚደርሰው ጠበቃ ነው።

በዕለት ንግግር የሕሊና ባላንጣ ሆድ ነው፤ ጥቅም የገዛው ሰው «ሆድ አደር» ይባላል። ሕገ መንግሥቱ ግን ባላንጣ ሳይሆን ጎረቤት ሰጥቶታል። 54ኛው አንቀጽ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት የሚገዙት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው ይላል። ሕዝቡ የይሉኝታ «እነሱ» ነው፣ ሕሊናው ብቻውን አሳቢው። ሁለቱ ሲጋጩ ማን እንደሚቀድም አንቀጹ አልጻፈም።